ጤዛው ውስጥ ያለችው ልጅ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የጎረቤቴ ልጅ ደጃፌ ላይ ጠብቃ ስልኳን ዘረጋችልኝ። እዚህ ድሬዳዋ ዝናብ ብርቅ ነው። በዋዜማው ዘንቦ ስለነበር ልጅቱ ከግቢያችን ቅጠል ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ አንስታለች። «እትዬ፣ ልብ ብለሽ እይ፤ ውስጧ አበባ አለ» አለችኝ። የዚህ አገር ልጅ ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ነው የሚለው፤ ለምጄዋለሁ። አየሁ። ሙሉ አበባ፣ ተዘቅዝቆ፣ ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ውሃ ውስጥ። ጎበዝ ብያት ገባሁና ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔም እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቻለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከጓደኛዬ ከእናኑ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ካለ ገጠር የመጣች። በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ስንቅ እናመጣለን፤ እሷ ድርቆሽና በሶ፣ እኔ ሽሮና በርበሬ። እሷ ሳቂታ ነበረች፣ እኔ ጠንቃቃ። አንቺ እኮ ወጥ ሲያምርሽ እንኳ አስፈቅደሽ ነው የምትቀምሺው እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን አሮጌ ካሜራ ነበራቸው። ለክበባችን ዐውደ ርእይ የጤዛና የአበባ ፎቶ እንዳነሳ አደራ ብለው ሰጡኝ። ዘዴውንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌንሱን ከካሜራው ፈትቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጦ፣ በእጅ ደግፎ መያዝ። ያኔ ኢምንቱ ይገዝፋል፤ ትንፋሽ ካመለጠሽ ግን ሁሉም ይደበዝዛል። ከእኔ በፊት ካሜራውን የወሰዱ ልጆች ፊልሙን በራሳቸው ፎቶ ጨርሰውት ስለነበር፣ የሰው ፊት እንዳላይበት ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም ቃል ገባሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ስንቅ ልናመጣ ሄደን እናኑ ቤት አደርን። ማለዳ፣ ፀሐይ ጤዛውን ሳትልሰው፣ ወደ ማሳው ዳር ወጣን። ጤፉ ገና ለጋ ነው። የመንገዱ ቀይ ጭቃ ጫማችንን ይዞ አይለቅም። አደይ አበባው ከጅረቱ ጋር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እናኑ ቀይ ሹራቧን ለብሳለች። እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ሳሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ጠብታ ስፈልግ፣ እሷ ከሳሩ ጀርባ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋ አበባውን ትይዝልኛለች። አበባ ከኋላዋ ካልተያዘላት ጠብታ ባዶ ናት። እጇ በብርዱ ሲንቀጠቀጥ እቆጣታለሁ።

ሦስት ፎቶ ሲቀረኝ፣ «እኔንም አንዴ አንሺኝ» አለች።

«መምህሩ ከልክለዋል።»

«አንዴ ብቻ። እናቴ የእኔ ፎቶ የላትም።»

ለገና ፎቶ ቤት ገብተን አብረን እንነሳለን አልኳት። ሳቀች። «ውሃ ከሰው በለጠብሽ? በይ አንሺ ውሃሽን» ብላ አበባውን መልሳ ያዘች። ሦስቱንም ጤዛ ላይ ጨረስኳቸው።

ጥቅምት ላይ ወባ ያዛት። ወደ ቤቷ ወሰዷት፤ በሳምንቱ መርዶው መጣ። በእኛ አገር ወጣት ሲሞት፣ ፎቶ ያለው ፎቶውን ደረቱ ላይ ይዞ ያለቅሳል፤ የሌለው የሟቹን ልብስ ያወጣል። የእናኑ ሹራብ በሁለት ሴቶች እጅ ከፍ ብሎ በልቅሶው መሐል ሲዞር አየሁ። እጅጌው ባዶውን ይወዛወዛል። ከማልቀስ ይልቅ ፈራሁ።

ፊልሙ ባሕር ዳር ታጥቦ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ፎቶዎች በአንዱ፣ ጠብታዋ ውስጥ፣ ከተዘቀዘቀው አበባ ጎን ቀጭን ቀይ ነገር ይታያል፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሹራቧና ጸጉሯ ይሆናል። የመንገዱ ቀይ አፈርም ይሆናል። ባየሁት ቁጥር ይለዋወጥብኝ ነበር።

አርባዋ ሲቃረብ እናቷ እማማ አንጓች ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። የልጃቸው አልጋ ላይ አልተቀመጡም፤ እንደቆሙ ቀሩ። ጤዛውን ባነሳሁበት ማለዳ እናኑ ካሜራ ፊት ቆማ ያየች ጎረቤት ነግራቸው ኖሯል።

«ለተዝካሯ የምይዘው ፊት ስጪኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለምናኝ እምቢ አልኳት ማለት ነበረብኝ። ግን ያንን ፎቶ አውጥቼ ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ ሲገለበጥ ቀዩ ነገር በእግሩ ይቆማል።

«እሷ ናት?»

«አዎ። እናኑ ናት።»

ሳሙት፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በተዝካሩ ዕለት ደረታቸው ላይ ይዘውት ነበር፤ ሴቶቹም ቀረብ እያሉ፣ ትስቃለች እኮ ይባባሉ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። እውነቱን ለእናትየዋ ንገሪ አሉኝ፤ ያንን አልፈጸምኩም። ከዚያ ወዲህ ጠበል ተጠምቄ ስነሳ ቅንድቤ ላይ የተንጠለጠለውን ውሃ ቶሎ እጠርገዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሙት ጥላ የማምን ሰው አይደለሁም። ግን አንዲት ልጅ እዚያ ውስጥ ተዘቅዝቃ የምታየኝ ይመስለኛል።

እሑድ ዕለት ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ለእማማ አንጓች ደወልኩ። አርጅተዋል። ዐይናቸው እየደከመ ስለሆነ የእህታቸው ልጅ ፎቶውን ከተማ ወስዶ በትልቁ ሊያሳትምላቸው መሆኑን በደስታ ነገሩኝ። ሲተልቅ የሚወጣው ቀይ ጭጋግ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መለመኗንም፣ መከልከሌንም።

«እሷ መሆኗን አላውቅም፣ እማማ። ያኔም አላውቅም ነበር።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ልጄ? የማውቃት እኔ እናቷ አይደለሁ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ አገሩ ሙቀት ጠየቁኝ። መርቀውኝ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በትልቁ ማሳተሙ ግን ይቅር።»

እውነት መናገር ያቀልላል ይላሉ። እኔን አላቀለለኝም። ያቺን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ፎቶ የከለከልኳት ይመስለኛል።