ወደ ግራ የምትነጉደው ሩሬ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ በገበያው በኩል ላቋርጥ ብዬ፣ ዳንግላ ውስጥ ካለው ጋሪ ጠጋኝ ደጃፍ ላይ እግሬ ቆመ። ሰውየው ለጋሪ የሚሆን እርጥብ ወይራ ሊያጎብጥ ፍም ላይ ያገላብጥ ነበር፤ ልጡ ሲንጨረጨር፣ ከተቆረጠው ጫፍ አረፋ የመሰለ ውሃ ፍጭ ፍጭ እያለ ሲወጣ፣ ያ መራራም ጣፋጭም የሆነ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ደብተሬን እንዳቀፍኩ አስቀረኝ። ሰውየው ቀና ብሎ "ምን ጠፋብሽ፣ እኅቴ?" ቢለኝ ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ቤት እስክደርስ ድረስ ግን ዳንግላ አልነበርኩም። እንጅባራ ነበርኩ፤ እንጅባራም ስል ከተማዋን ሳይሆን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን መንደራችንን፣ ታች ቤትን፣ ያውም በታኅሣሥ ወር።

በእኛ ዘንድ ታኅሣሥ ሲመጣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድርና ፀሐይ የቀርከሃውን አጥር አልፋ ስትወጣ መስኩ ሁሉ ከሩጫ እንደተመለሰ ፈረስ ይተናል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከብቱ ወደ ቃርሚያው ተለቋል፣ ወንዶቹም ሥራ ስለቀለላቸው ሐሳባቸው ሁሉ የገና ጨዋታ ላይ ነው። በየቤቱ ምድጃ፣ ትኩስ አመድ ውስጥ፣ አንድ የወይራ በትር ተቀብሮ ይውላል፤ ሲለሰልስ ጫፉን ቆልመም አድርገው በልጥ ያስሩትና ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል። በዚያ በትር የምትለጋው ሩር ደግሞ ከዛፍ ጉጥ ተጠርባ፣ ቅቤ ጠጥታ፣ እንደ እንቁላል ልስልስ ትላለች፤ ሰው ላይ ስታርፍ ግን እንቁላል አይደለችም።

የበትሩም የሩሯም ሊቅ አያ ደሴ ነበር። አያ ደሴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያኔ ሚስት አላገባም፣ ከእኛው ጋር ይኖር ነበር። በአንዱ ዓመት ጨዋታ ሩር አፍንጫውን መትታ ወደ ጎን ስላዞረችበት፣ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያነጋግርሽም ጎረቤትሽን የሚያነጋግር ይመስል ነበር። ሩሯ ግን እሱ ካላት ቦታ ንቅንቅ አትልም፤ "ያችን ጉቶ" ካለ ጉቶዋን፣ "ያችን ኩበት" ካለ ኩበቷን ነው። ከብት ሊገባ ሲል መስኩ ላይ ወጥቶ ይለጋል፣ እኔ እየሮጥኩ አመጣለታለሁ። ጥርሴን ለውጬ የጨረስኩ ገደማ ነበርኩ፤ አንድ ቀን መሮጡ ሲሰለቸኝ አሮጌ በትሩን አነሣሁና ሩሯን ወደሱ መልሼ ለጋኋት። ወደሱ ብዬ ነበር። እሷ ወደ ግራ ነጉዳ እመት ዘርፌ ጎመን ውስጥ ገባች። በማግስቱ ደግሜ ብሞክር በማግስቱም እዚያው ገባች። እኔ የፈለግሁበት ብዞር፣ የፈለግሁበት ብቆም፣ ሩሬ ከዚያ ጎመን ጋር የተማማለች ነበረች።

እመት ዘርፌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሲቆጡ በአማርኛ ጀምረው በአገውኛ የሚጨርሱ ሴት። አንድ ማለዳ የተቀዳደደ የጎመን ቅጠል ይዘው አጥሩ ላይ ቆሙ።

"ደሴ! ይቺ ልጅ ጎመኔን ፈጀችው። ወይ አስተምራት፣ ወይ እሰራት!" አሉና የቀረውን በአገውኛ ጨመሩበት።

አያ ደሴ የትኛው እንደሚቀል ሲያስብ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማስተማሩን መረጠ።

ማስተማር ማለት ሩር እያስለጋኝ መዋል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሩሯን ጭራሽ ነጠቀኝና በመስኩ ዳር የቆመውን እሾሃም አረም፣ ኮሸሽላውን፣ አናት አናቱን በበትር እንድቀላ አዘዘኝ። ተረከዙን መሬት ላይ እያሽከረከረ ለእግሮቼ ጉድጓድ ማሰልኝ፤ ሁልጊዜ እዚያው ውስጥ ነው የምቆመው። "አንዴ ማቅናትማ ሰካራምም ያቀናል" ይለኛል። "ሁልጊዜ ማቅናት ነው ሙያ። ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የምትቆሚ ከሆነ ሩሯ ምን አውቃ ትታዘዝሽ?" በትሩንም በግራ እጄ ጨምድጄ ስይዘው ሣቀብኝ።

"ፈረስ ላይ ሆነሽ የግራውን ልጓም ጭምድድ ብታደርጊው ፈረሱ ወዴት ይዞራል?"

"ወደ ግራ።"

"እና ሩሯ ከፈረሱ ምን የተለየ ጥፋት አጠፋች?"

ሩሯን ሲመልስልኝ ግን ዋናው ሕመሜ ቀና ማለት ሆኖ ተገኘ። በትሩ ሩሯን ሳይነካት የት እንደምትሄድ ለማየት አንገቴ ይወጣል፤ አንገቴን ትከሻዬ ይከተለዋል፣ ትከሻዬን ክንዴ፣ ክንዴን ሩሯ፣ ሁላችንም ተያይዘን እመት ዘርፌ ጎመን ውስጥ እንገባለን። አያ ደሴ መዳፉን አናቴ ላይ ጭኖ ይይዘኝና፣ "የምትሄድበትን ሌላ ሰው ያይልሻል፤ አንቺ የነበረችበትን ሳር እዪ" ይለኛል። የወይራና የፈረስ ላብ የሚሸት መዳፍ ነበረው። በዚያ መዳፍ ሥር ሩሬ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ መዳፉ ሲነሣ ደግሞ ልቤ ረጋ ካለ ትቀናለች፣ ልቤ ከዘለለ ወደ ጎመኑ።

በዚያው ዓመት ሌላ ጉዳይም ነበረብኝ። አቅራቢያችን ያለው ትምህርት ቤት ክፍሉ አልቆብኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ዳንግላ መሄድ አለበት፣ ዳንግላ ደግሞ ከግራዝማች አየነው በቀር ዘመድ አልነበረንም። ግራዝማች የእናቴ አጎት ናቸው። አባቴ ልጄን ቤትዎ ያስጠጉልኝ ብሎ ቢለምናቸው "ለገና ስመጣ አይቻት እነግርሃለሁ" ብለው ነበር፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ደብተሩ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ነው። እናቴ ከኅዳር ጀምራ "ግራዝማች ፊት ስትቀርቢ አንገትሽን ድፊ" ትለኛለች፣ አያ ደሴ መስኩ ላይ "አንገትሽን ድፊ" ይለኛል፤ ያን ወር ሰማይ ያየሁት ተኝቼ ካልሆነ እንጃ።

የገና ዕለት ታች ቤትና ላይ ቤት መስኩ ላይ ተገናኙ። ሩሯን ከላይ ቤቶች ጀርባ ያለውን ጅረት ካሻገርናት እኛ አሸነፍን፣ ከእኛ ጀርባ ያለውን የቀርከሃ አጥር ካሳለፏት እነሱ አሸነፉ። ግራዝማች ትውልዳቸው ላይ ቤት ነውና ጠመንጃቸውን ለአሽከራቸው ሰጥተው፣ ካባቸውን አውልቀው፣ በተፈሪ ሱሪያቸው ገቡ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ሆዳቸው አንድ እርምጃ ይቀድማቸው ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከእኛ ወገን አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት እያነከሰ ወጣ፤ አያ ደሴ ምትክ ፍለጋ ዙሪያውን ሲያይ ቆየና ጠማማ አፍንጫው ወደ እመት ዘርፌ፣ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ።

"የሺ! ነይ ግቢ!"

"አንተ ደሴ፣ አብደሃል?" አለች እናቴ።

"እታለም፣ የዛሬን ብቻ!"

ስገባ የላይ ቤቶች ሣቅ ተራራውን አናጋው። አንዱ ወዲያው ግጥም አወጣብን።

"ታች ቤቶች ወንድ አጡ፣ ቀሚስ አሰለፉ፣
ዛሬስ በነጠላ ሩር ሊያጣድፉ!"

አያ ደሴ መች ይተኛል፣

"ቀሚሷን ትተህ ክንዷን ተመልከት፣
ቅልጥምህን ሸሽግ ሳይመጣ መዓት!" ብሎ መለሰለት።

ብዙም ሳይቆይ ሩሯ ከግርግሩ ሾልካ እግሬ ሥር መጥታ ቆመች። ማንም አጠገቤ የለም፤ ጅረቱ ፊት ለፊቴ ነው። "ወደ ጅረቱ፣ የሺ፣ ወደ ጅረቱ!" ይላሉ። በትሩን አነሣሁ፤ ልሰነዝር ስል ግን 'ግራዝማች እያዩኝ ይሆን?' የሚል ሐሳብ መጣብኝና ቀና አልኩ። ሩሯ ወደ ግራ ነጎደች። በግራ በኩል ጎመን አልነበረም፤ ግራዝማች ነበሩ። ቅልጥማቸው ላይ "ቋ!" ስትል መስኩ ሁሉ ሰማት፤ እሳቸውም እንደሚናድ የገብስ ክምር ቀስ ብለው ሳሩ ላይ ተቀመጡ።

ከሁሉ ቀድሞ የጮኸው አያ ደሴ ነው።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!"

ይህ የማይሻር ሕግ ነው፤ በዚያች ቀን ጌታም ቢሆን በጭሰኛው ሩር ተመትቶ ቂም አይዝም። የግራዝማች አሽከር ግን ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ መሐል ገባ።

"እሱ ለተጫዋች ነው! ሴት ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ተጫዋች የሆነችው?"

አባቴ ከንፈሩ ደርቆ እየሮጠ መጣ። "ይማሩኝ ግራዝማች፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፣ ተጫዋች አይደለችም..."

"ኧረ ዝም በል!" አያ ደሴ በነጠላው ጎተተው። "ተጫዋች ካልሆነችማ አለቀላት!"

"እኔ ልመስክር!" አሉ እመት ዘርፌ ከዳር። "ጎመኔን የጨረሰችው ምን ስትሠራ ነው? ስትጫወት ነው እንጂ!"

"እስቲ ዝም በሉ" አሉ ግራዝማች ቅልጥማቸውን እያሹ። "በተጫዋች ከተመታሁ የገና ነገር ነው፣ ነገ ይረሳል። ዳር የቆመች ሕፃን ጣለችው ከተባለ ግን ዳንግላ ድረስ ይሣቅብኛል። ተጫዋች ናት!"

ሴቶቹ እልል አሉ። ግራዝማች ግን እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ተጫዋች ከሆነች ያሰበችበትን ታውቃለች። ልጄ፣ ወዴት ነበር ያሰብሽው?"

"ወደ ጅረቱ፣ ጌታዬ።"

"ጅረቱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ! ካሰብሽበት የማትደርሺ ከሆነ ዳንግላ ወስጄሽ ምን ትሆኚያለሽ? ድገሚው። ጅረቱን ካሻገርሽ ለመስከረም እኔ ቤት ትገቢያለሽ፤ ወደኔ ከመጣሽ ግን እናትሽ ጓሮ ጎመን ትተክያለሽ። እኔም ከተቀመጥኩበት አልነሣም።"

አልተነሡም። አሽከራቸው ሊደግፋቸው ቢመጣ በእጃቸው መለሱት። አባቴ ፊቱን አዞረ። አያ ደሴ፣ ስለገና አፉን ዘግቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ሩሯን ብቻ መሬት ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ኋላ ሄደ። እኔ በተረከዜ ለእግሬ ጉድጓድ ማስኩ። ጣቶቼን ላላ አደረግኋቸው። ከሩሯ ሥር አንዲት ሳር ተጣጥፋ ተጋድማለች፤ እሷን አየሁ። አናቴ ላይ ማንም መዳፍ አልነበረም፤ ግን የነበረ ያህል ከበደኝ። ለጋሁ።

ሩሯ ከዚያ የለችም። ሳሯ ብቻ ቀስ እያለች ቀና ስትል አየሁ፤ ሙሉ በሙሉ እስክትቆም ድረስ ዓይኔን አላነሣሁም። ከዚያ ጩኸቱ መጣ፣ እልልታው መጣ፣ አንድ ሰው ከመሬት አነሣኝ።

"የት ሄደች?" አልኩ።

"አላየችም!" አለ አያ ደሴ፣ ከሩሯ ይልቅ በዚህ አብዶ። "እናንተ ሰዎች፣ አላየችም እኮ!"

ጅረቱን ተሻግራ ነበር። እመት ዘርፌ እንደ ወፍ በላዩ በረረች ይላሉ፣ አባቴ ድንጋይ ላይ ነጥራ ነው ይላል፣ ግራዝማች ደግሞ እዚህ ዳንግላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሪያቸውን ሰብስበው ቅልጥማቸውን ያሳዩና "ሁለተኛዋ በጆሮዬ ሥር ነው ያለፈችው" ይላሉ። የሕይወቴን ምርጥ ምት ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሦስቱንም አምናቸዋለሁ።

መስከረም ላይ ዳንግላ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ለገና ወደ ቤት የምመለሰው በጭነት መኪና ላይ ነው፤ ያለፈው ጊዜም እንዲሁ በአቧራ ነጥቼ ደረስኩና፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጫማዬን ጠርጌ በቀጥታ ወደ መስኩ ወረድኩ። እኩዮቼ የነበሩት ልጃገረዶች ተድረው ሄደዋል። አያ ደሴም አግብቷል፤ ሚስቱ ልጁን አዝላ ዳር ቆማ ነበር። ሳያየኝ የቀረ መስሎኝ ከሴቶቹ ፊት ወጣ ብዬ ቆምኩ፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ ሰው ቢጎድልበት ብዬ በልቤ እስከ መመኘት ደርሼ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አይቶኛል ለካ። ጨዋታውን አቁሞ፣ ላቡን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ መጣና ጉንጬን ደጋግሞ ሳመኝ፤ ከዚያ ከቤት በርጩማ አስመጥቶ፣ አቧራውን በእጁ ጠርጎ፣ ከእመት ዘርፌ አጠገብ አስቀመጠልኝ።

"ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ የኔ ተማሪ" አለኝ በዚያ ጎረቤት በሚያይ ፊቱ፣ ኩራት በሞላበት ድምፅ። "ሩሯ እንዳትመታሽ።"

በፍቅር ነው ያለው፤ ከሰጠኝ ሁሉ ትልቁ አክብሮት ነበር። በርጩማውን አንሥቼ ራቅ አልኩ። እስኪመሽ ድረስ ሩሯ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልመጣችም።