የጋሽ ሐጎስ ፊል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። አንዲት የአማርኛ ቃል በትክክል ባለማወቄ አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው ሊወጡ ነበር። ለዚህ ነው ከአእምሮዬ የማይጠፋው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሌሎች የሠሩትን ፕሮግራም እየነካካሁ የት ጋ እንደሚበላሽ እፈልጋለሁ። ሌላው ሰው ሲያርፍ ፊልም ያያል፤ እኔ ደግሞ በእረፍቴም መፈተሽ አልተውም። ቼዝ የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን እሰበስብና ከባድ ከባድ አቋም፣ ማለትም የጠጠሮች አሰላለፍ፣ እሰጣቸዋለሁ። ሲያዩት የእብድ ሥራ የሚመስል፣ ለምሳሌ ንግሥትን በነፃ ሰጥቶ ትንሽ ቆይቶ የሚያሸንፍ ዓይነት። አንዱ ፕሮግራም መልሱን ወዲያው ያገኘዋል። ሌላው «ነጭ ተሸንፏል» እያለ ይቆይና ድንገት ሐሳቡን ይቀይራል። ያቺን ሐሳቡን የሚቀይርባትን ቅጽበት ለማየት ስል ሻዬ ይቀዘቅዛል። እናቴ «ባል የምታገኚው በዚህ ነው?» ትለኛለች።

የተከራየሁት ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ገባ ብሎ፣ ጋሽ ሐጎስ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ሐጎስ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሰናይት ጉርድ ሾላ ትኖራለች፤ ቅዳሜና እሑድ እየመጣች ታያቸዋለች።

ሰናይት አባቷን በጣም ትወዳለች፤ በዚያው ልክ ትሰጋላቸዋለች። ያን ሰሞን የቧንቧ ውሃ ከፍተው ረስተው ግቢው ተጥለቅልቆ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ቁልፉን በር ላይ ሰክተው ወጡ። እሷም «አእምሮው እየደከመ ነው» ብላ ቤቱ ተዘግቶ እሷ ጋ እንዲገቡ ወሰነች። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ስፈትሽ ጋሽ ሐጎስ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይሄ ነገር የማይፈታው የለም ይላሉ። እውነት ነው?»

«ብዙም የለም ጋሼ።»

ወደ ቤት ገብተው ሰናይት ተማሪ እያለች ትጫወትበት የነበረውን የፕላስቲክ ቼዝ ይዘው ወጡ። ጠጠሮቹን እያሰቡ አንድ በአንድ ደረደሩ። «ይሄ አባቴ አክሱም እያለ ያሸነፈበት ሰንጠረዥ ነው» አሉኝ። «ተራው የነጭ ነው። እስቲ ይፍታው።»

ሰናይትም ከቤት ወጥታ አጠገባችን ቆመች። እሳቸው መጀመሪያ አሸናፊውን መንገድ ሊያሳዩን ፈለጉ። ሩኩን፣ ያን ግንብ የሚመስለውን ጠጠር፣ ዝም ብለው ለጠላት ሰጡ።

«አባዬ፣ ንግሥቷ መጥታ ትበላሃለች እኮ» አለች ሰናይት።

«ፈርዝ እኮ ናት! ከዚያ ማዶ እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» አሉና በፈረሱ ንጉሡን ወደ ጥግ ነዱት። ከዚያ ቢሾፑን አነሡ። ፊቱ የራሳቸው ወታደር ቆሟል፤ ቼዝ ላይ ደግሞ ቢሾፕ ወታደር ዘልሎ አያልፍም። እሳቸው ግን ከወታደሩ በላይ አዝልለው አስቀመጡትና «ፊል ሲመጣ ንጉሥ ሞተ!» አሉ፤ ፊታቸው በርቶ።

ሰናይት እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ንግሥት አይታያቸውም፤ ቢሾፕ እንደ ፈረስ ይዘልላቸዋል። «ፊል» እና «ፈርዝ» ያሉትን የድሮ ሰው አጠራር ነው ብዬ አለፍኩት።

«አባዬ፣ ተምታቶብሃል» አለቻቸው ቀስ ብላ።

ጋሽ ሐጎስ ተቆጡ። «እኔ አልተምታታብኝም! እንግዲያው ኮምፒውተሩ ይፍረደን። ተሳስተሃል ካለኝ ዕቃዬን ሰብስቤ አንቺ ጋ እገባለሁ። ልክ ነህ ካለኝ ግን ይህን ጉዳይ ሁለተኛ አታነሺውም። ተስማማሽ ጓለይ፣ ልጄ?»

«ተስማማሁ» አለች ሰናይት ሳታመነታ። እንዴት ታመንታ? ያየችውን አይታለች።

በዚህ ጊዜ ላፕቶፔን ዘግቼ ብጠፋ ደስ ባለኝ። አቋሙን አስገባሁ። ፕሮግራሙ ጊዜም አልፈጀበት፤ ጥቁር በሰፊው እያሸነፈ ነው አለ። ሌላውን ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሐሳቡን የሚቀይረውን ቀርፋፋውንም አስነሣሁት። በማግስቱም ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼው ቢሮ ሄድኩ። ተመልሼ ሳየው ፍርዱ አልተነቃነቀም። በሕይወቴ አንድ ማሽን ሐሳቡን እንዲቀይር እንደዚያን ቀን ለምኜ አላውቅም።

ለጋሽ ሐጎስ ስነግራቸው «እንግዲህ ተፈርዷል» ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ካርቶን መሙላት ጀመሩ። የባለቤታቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱት። ሳሎኑ ውስጥ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጥቶ ቀረ።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ከመገናኛ ወደ ቤት ስሄድ ታክሲያችን መንገድ ተዘጋግቶበት ቆሟል፤ እኔ የጋሽ ሐጎስን እጅ ነው የማስበው። ያን ቢሾፕ ሲያነሡ ምንም አላመነቱም። ያን እሑድ ከተቆጡ በኋላም ለሰናይት ሲደግሙላት ያዘለሉት እዚያው ላይ ነው። በእኔ ሥራ የተበላሸ ነገር አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይሆናል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚደጋገም ነገር ሲገጥመኝ ግን ብልሽት ነው ከማለቴ በፊት እጠረጥራለሁ፤ ምናልባት እኔ የማላውቀው ደንብ ይኖረው ይሆናል።

ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ እሳቸው ጋ ገባሁ። መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ እየደረደሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይግባኝ አለኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ምክንያትሽ?»

ሰሌዳውን ዘርግቼ ቢሾፑን ብቻውን መሐል ላይ አስቀመጥኩ። «ይሄ ከዚህ ተነሥቶ የት የት ይሄዳል?» በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ቤት እየዘለሉ በጣታቸው አሳዩኝ። ሌላ ቦታ አዛወርኩት፤ እንደዚያው። ዙሪያውን በወታደር አጠርኩት፤ አሁንም እንደዚያው። ንግሥቷን አስቀመጥኩ፤ በማዕዘን አንድ እርምጃ፣ ከዚያ አታልፍም አሉ። እንደ ማሽን ፈተሽኳቸው፤ አንዴም አልተሳሳቱም።

«ግን ጋሼ፣ ቢሾፕ እንዲህ አይሄድም።»

«ቢሾፕ ምንድነው? ፊል ነው እንጂ! ፊል ማለት ዝሆን ነው። ዝሆንን ወታደር ያግደዋል?»

«ቼዝ ላይ እኮ...»

«ስለ ቼዝ ማን አወራ? እኔ ሰንጠረዥ ነው ያልኩሽ!»

«ሰንጠረዥ ማለት ቼዝ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ሐጎስ መጽሐፉን አስቀምጠው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ሰንጠረዥ ሲባል የማውቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቢሮ ውስጥ ቁጥር የምንሞላበት ባለ መስመር ሠንጠረዥ ነው፤ ሌላው የቼዝ የአማርኛ ስም። የራሱ ሕግ ያለው፣ ዝሆን የሚዘልበት፣ በንግሥት ቦታ አንድ እርምጃ ብቻ የምትሄድ ፈርዝ የምትቆምበት የአገር ቤት ጨዋታ እንዳለ ማን ነግሮኝ? ቼዝን እሳቸው ተጫውተው አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ሰንጠረዥን። ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር የምናወራ መስሎን ነበር።

«በይ እንግዲህ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ዳኛውን ሕጉን ሳትነግሪው ነው ያስፈረድሽብኝ።»

የጠጠሮቹን አካሄድ እንደፈለጉ ለመጻፍ የሚፈቅድ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር። እዚያው ሳሎን፣ ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጬ የፊልን ጻፍኩ፣ የፈርዝን ጻፍኩ። ስለሌሎቹም ሁሉንም ጠየቅኳቸው፤ አንድም ነገር በራሴ ግምት ማስገባት ፈራሁ። ከዚያ ያንኑ አቋም ሰጠሁት።

ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማመንታት ነጭ ያሸንፋል አለ።

ጋሽ ሐጎስ ስክሪኑን አላዩም፤ የሚያዩት የእኔን ፊት ነበር። «ምን አለ?»

«ሩኩን ስጥ አለ ጋሼ። ከዚያ ፈረሱን። ከዚያ ፊሉ ይዘላል።»

«ልክ ነበርክ» አሉ ቀስ ብለው። ለእኔ ሳይሆን ለአባታቸው እንደሆነ ገባኝ።

ሰናይትን ደውዬ ጠራኋት። አባቷ የሆነ ነገር የሆኑ መስሏት እየሮጠች ነው የመጣችው። ሁሉንም ከመጀመሪያው አሳየኋት። ጠጠሮቹን፣ ሕጉን፣ የኮምፒውተሩን መልስ። ለብዙ ጊዜ ሰሌዳውን ስታይ ቆይታ ወደ አባቷ ዞረች።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም አባዬ?»

«ነገርኳችሁ እኮ!» አሉ ጋሽ ሐጎስ። «ሰንጠረዥ አልኳችሁ።»

ሰናይት መጽሐፍ የሞላው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አባቷን በስህተት ከቤታቸው ለማስወጣት ምን ያህል ተቃርባ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የታያት መሰለኝ። ከዚያ ተነሥታ የእናቷን ፎቶ ራሷ ሰቀለችው።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ሐጎስ ቁልፋቸውን ዛሬም ይረሳሉ። ሰናይትም ሐኪም ጋ መውሰዷን አልተወችም፤ ቃሏን ግን ጠበቀች፤ ስለ ቤቱ ሁለተኛ አላነሣችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንጠረዥ እየተማርን ነው። ጨዋታው ሲጀመር የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ። እጅ ከእጅ ይጋጫል። ሰናይት «ኧረ ተራህን ጠብቅ!» ብላ ስትጮህ እሳቸው «ተራ ለታክሲ ነው» ይሏታል። እስካሁን አንዴም አላሸነፍናቸውም።

እኔ አሁንም ፕሮግራሞቼን እፈትሻለሁ። አንድ ሰው «እሱ እኮ አእምሮው ደክሟል» ሲባል ስሰማ ግን ያ የነጣ ግድግዳ ትዝ ይለኝና እናደዳለሁ፤ በራሴም ጭምር። ያን ቀን ታክሲው ባይቆም ኖሮ እላለሁ። ጋሽ ሐጎስ በኋላ እንደነገሩኝ፣ አብረዋቸው ይጫወቱ የነበሩት ሁሉ አልፈዋል፤ ከሚያውቁት ሰው ሰንጠረዥ የሚችል እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር።

አሁን ሦስት ሆነናል።