ባለ ሁለት ዓይኑ ሠረገላ ነጂ

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የወረቀት ጠጋኝ ሆኜ በገባሁበት ዕለት አለቃዬ ወይዘሮ ጽጌ የተቀደደ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። አራዳ ከአንድ አሮጌ ቤት የተገኘ ነው።

"ለኤግዚቢሽን ታደርሰዋለህ። የሙከራ ጊዜህም በዚሁ ይታያል" አሉኝ።

ሥዕሉ የሚያሳየው ረጅም ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ሕዝብ፣ መሐሉ ላይ እንደ አክሱም ሐውልት የቆመ ድንጋይ፤ ፈረሶች ሠረገላ እየጎተቱ ይሽቀዳደማሉ። የፈርዖን ሠራዊት መሰለኝና ባሕሩን ፈልጌ አጣሁት።

"የጥንት ሮማውያን የእሽቅድድም ሜዳ ነው" አሉኝ። "ሠዓሊው ግን ውድድሩን አላየም። ከሺህ ዓመት በኋላ ፍርስራሹንና አሮጌ ሳንቲሞችን አይቶ፣ የቀረውን በግምት ሞላ። መዳብ ላይ ቀርጾ አተመው።"

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ጣራው የወደቀ ግንብ ባየሁ ቁጥር ላዩ ምን ይመስል ነበር እያልኩ ነው ያደግሁት።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ። ቅዳጁን ከጀርባው በስስ ወረቀትና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ያዝኩት። አንዱን ጥግ ግን አይጥ በልቶታል፤ ፈረሶቹ ቀርተው ነጂው የለም።

"ሙላው" አሉ ወይዘሮ ጽጌ። "የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረህ የለም? እንግዳ ፊት ቀዳዳ አልሰቅልም።"

እምቢ ብል እንጀራዬ ይቀራል፤ እሺ ብል የሰው ሥራ ላይ የራሴን ቀለም ልጨምር ነው። ፈራሁ። ነጂውን መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ ሞከርኩት።

ወይዘሮ ጽጌ አዩት። "ሌሎቹ ሁሉ ወደ ጎን ያያሉ። ምነው ያንተ ብቻ እኛ ላይ ያፈጣል?"

"በኛ ሥዕል በጎን ታይቶ አንድ ዓይን ብቻ የሚሣልለት ኃጢአተኛ ነው። ይህን ሰው አላውቀውም፤ በምን ልኮንነው?"

ሳቁ። ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጥቃቅን ፊደል አነበቡልኝ፤ የሠዓሊው ስም ነበር። "እሱም ገምቷል፤ ግን ፈርሞበታል። ያንተን ዋናው ላይ ብናስገባው ግምትህ በሱ ስም ይቀራል። ለብቻው ከጎኑ እንስቀለው።"

ቀዳዳውን በባዶ ወረቀት ደፈንኩት። የኔ ነጂ ከጎኑ ተሰቀለ፤ ከሥሩ "ግምት" ብዬ ጽፌ ስሜን ጨመርኩበት። በኛ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ላይ የሚጻፈው የሠዓሊው ሳይሆን ሥዕሉን ያሠራው ሰው ስም ነው፤ ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥዕል ያስተማሩኝ የኔታ ሊያዩ መጡ። ብዙ ቆመው አዩት።

"ሸጋ ነው" አሉ። "ምነው ታዲያ ስምህን ጻፍህበት?"

"ከተሳሳትኩ የሚጠየቀው እንዲታወቅ ነው፣ የኔታ።"

 ወይዘሮ ጽጌ አጠገባችን ሆነው ይህን ሰምተው ነበርና የሙከራ ጊዜዬን አለፍኩ፤ ሥራው ላይ ቆየሁ። ጠጋኝ የጎደለውን ቢገምት ነውር የለበትም። ግምቱን በራሱ ወረቀት ላይ ያድርገው፤ ስሙንም ይጻፍበት።