አዲሱ ስፒከርና የሰነቴ ጉም

ከባሌዋ አንገቱ ከተማ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ፣ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ የመኪናዬን ጎማዎች አንድ በአንድ በእግሬ ረግጬ ካየሁ በኋላ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ለሰው ሲነገር ያሳፍራል፤ የመኪናዋን ድምፅ ላሳድስ ነበር። ጎረቤቴ ዘይነባ ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

"ሰው ሰነቴን የሚያቋርጠው ለሐኪም ነው፤ አንቺ ለዘፈን!"

"ለመዝሙር" ብዬ አረምኳት።

"እሱስ ቢሆን እዚሁ አፍ አለሽ አይደል? መዘመር ነው እንጂ!"

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። አንገቱ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ በየወሩ መድኃኒት ለማምጣት፣ በዚያውም ጎባ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም፣ የሐረናን ጫካና የሰነቴን አምባ ብቻዬን እሻገራለሁ። ፈሪ ነኝ። ጫካው ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ አምባው ላይ ሰው አይገኝም። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ቴፕ ሁለት ስፒከር ብቻ ነበረው። የቀኙ ከሞተ ቆየ፤ የግራው ወረቀቱ ተቀዶ እንደ ተቆጣ ንብ ይጮሃል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያገሳ መዝሙሩ ይሰምጥና የልቤ ምት ብቻ ይቀረኛል። ስለዚህ ቴሌቪዥን ልገዛበት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ይዤ፣ በትንሽ ወጪ የሚሆነውን ላሠራ ወጣሁ።

ጫካውና አምባው

ሐረና ውስጥ መንገዱ ጥቁር ነው። ዝናብ ባይዘንብም ቅጠሉ ያንጠባጥባል፤ ከዛፎቹ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ሽበት መሰል ነገር የመኪናዬን ጣሪያ ይዳብሳል። ከሥራቸው ሰው ያልተከለው የጫካ ቡና ቀይ ፍሬ ይዟል። አንበሳ አለ ይባላል። አይቼ አላውቅም፤ አለማየቴ ግን አያጽናናኝም። አንድ ቦታ የወደቀ ግንድ ግማሽ መንገድ ዘግቶ ሳገኝ፣ ወርጄ ልየው አልልየው እያልኩ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆየሁ። በመጨረሻ ጎማዬን ቁጥቋጦው ላይ አውጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማለት ይቻላል፣ አለፍኩ።

ከአምባው ሥር ያለችው ሪራ መንደር ላይ ትኩስ የገብስ ዳቦ በማርና በሻይ በላሁ። ሻይ የምትሸጠዋን ሴት "ላይ ጉም አለ እንዴ?" አልኳት።

"ጉምማ የሰነቴ ልብስ ነው እህቴ። አውልቆ ያውቃል?"

ከሪራ በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ ይወጣል። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ያልቃል፤ ከዚያ ሣር፣ ድንጋይና ጅብራ ብቻ። ለማያውቁት፣ ጅብራ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። ግንዱ ወፍራም፣ አናቱ እንደ ጎፈሬ የተንጨባረረ። በጠራ ቀን ውብ ነው። በጉም ውስጥ ግን ካባውን ተከናንቦ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይመስላል፤ እዚያም አንድ፣ እዚህም አንድ፣ ዝም ብለው የሚያዩ። የዚያን ዕለት ለስንቱ ጅብራ ፍሬን እንደያዝኩ፣ ለስንቱ ክላክስ እንዳደረግሁ አልቆጠርኩም። አንዱንማ መስኮት ዝቅ አድርጌ "ደህና ዋሉ" ልለው ምንም አልቀረኝም።

ጎባ ወርጄ አስፋልቱን ስረግጥ ፀሐይ ነበረች። ከጎባ ወደ ሮቤ ከተማ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ስንዴ፣ መሐሉ ባጃጅ።

ሮቤ፣ ከድር ዘንድ

ከድር ከገበያው አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቀልደኛና ወፍራም ሰው ነው። በሩን ከፍቶ አሮጌውን ስፒከር በጣቱ ወጋ ሲያደርገው ጣቱ በወረቀቱ አለፈ።

"አቦ! ይሄ ስፒከር ነው ወይስ የሸረሪት ቤት?"

"ብዙ ገንዘብ የለኝም" አልኩት ገና ሳይጠይቀኝ።

"ብዙ ገንዘብ ያለውማ ዱምዱም የሚል ትልቅ ሳጥን ኋላ ይጭናል፣ ዕቃ መጫኛ ያጣል። አንቺ መድኃኒት ነው የምትጭኚው። ለፊት በሮች ደህና ስፒከር፣ ከወንበር ሥር ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ቴፑ በብሉቱዝ ይቀየር። ኋላው ይቅር።"

ስፒከሮቹ ከተገለበጠ መኪና የተፈቱ ናቸው። ጥንዱን አራት ሺህ ብር ጠርቶ በሦስት ሺህ ተስማማን። የተገለበጠው መኪና ባለቤት ተርፎ እንደሆነ ልጠይቅ ፈለግሁና መልሱን ፈርቼ ተውኩት። በሮቹ ተፈትተው፣ አንጀታቸው ወጥቶ፣ ቀይ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ ከእግሬ ሥር ሲያልፍ ሳይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ።

"እሳት አያስነሣም?"

"ባትሪው ሥር ፊውዝ አስገብቼለታለሁ። ነገር ከመጣ ፊውዙ ነው የሚቃጠለው፤ አንቺ አትቃጠዪም።"

"ስለ መቃጠል አትቀልድ" አልኩት።

"እሺ፣ አልቀልድም። ግን እህቴ፣ እንዲህ እየፈራሽ ሰነቴን እንዴት ነው የምታልፊው?"

"እየፈራሁ።"

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው የድምፅ መከላከያ ውድ ስለሆነ ለጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚሆነውን ሬንጅ ያለበትን ሉህ ቆርጦ፣ አሙቆ፣ የበሮቹን ቆርቆሮ ከውስጥ ለበጠው። በዙሪያቸውም አዲስ ጎማ አዞረባቸው። ስፒከር ብቻውን ዋጋ የለውም፣ በሩ ባዶ ጣሳ ከሆነ ድምፁም የጣሳ ነው አለኝ። ሲጨርስ በሩን ዘጋው። ድሮ "ቻ" ይል የነበረው "ዱብ" አለ።

"ምን ልክፈትልሽ?"

ስልኬን ሰጠሁት። የበገና መዝሙር ነበር። ወፍራሙ ጅማት ሲመታ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ፤ ለዓመታት ስሰማው የኖርኩት መዝሙር እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ከድርም ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቁልፉን በጥቂቱ እያዞረ አዳመጠ። ከጎኑ ያለው ጎማ ጠጋኝ "ከድር፣ ቄስ ልትሆን ነው?" ብሎ ጮኸ። ከድር ወደ እኔ ዞረ። "ጥልቅ ነገር ነው። መስኮት ዘግተሽ ስሚው፤ አሁን ውጪው አይሰማሽም" አለኝ። ደስ አለኝ። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

የመልስ ጉዞ

ሮቤ አድሬ ረቡዕ ጠዋት ጎባ ላይ ተሳለምኩ፤ መድኃኒቴንም ጫንኩ። ጾም ስለሆነ ምንም ሳልቀምስ ወጣሁ። ዳገቱን ስጀምር ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ አምባው ላይ ስደርስ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሞ ጠበቀኝ።

እጄ ወደ ቴፑ ሄደ። ጉሙ በወፈረ ቁጥር ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ነፋሱ የለም፣ ጠጠሩ የለም፣ ሞተሩም ከሩቅ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰነቴ ላይ ሳልፈራ ነዳሁ። ጅብራዎቹ መጡ። ለእነሱ ከእንግዲህ ፍሬን አልይዝም፤ ትናንት አውቄያቸዋለሁ። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። አንዱ ወደ መንገዱ መሐል ገባ ብሎ ቆሟል። ጉሙ ነው ያስጠጋው አልኩ።

ጅብራው እጁን አነሣ።

ጅብራ እጅ የለውም። ይህን ለማሰብ የፈጀብኝ ቅጽበት ዛሬም ያባንነኛል። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተች፣ አፍንጫዋ ወደ ጎን ዞረ፣ መድኃኒቱ ከኋላ ተንኮታኮተ፣ በገናው ግን ምንም እንዳልሆነ ይደረድራል። ስትቆም ሰውየው ኮፈኗ ላይ አንድ መዳፋቸውን አሳርፈው ነበር። ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። በሌላው እጃቸው የያዙት ዱላ፣ እግራቸው ሥር የወደቀ ባዶ ጀሪካን። ከኋላቸው፣ ሊደረስበት ጥቂት እርምጃ ሲቀር፣ በግ የጫነ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ተጋድሞ ቆሟል።

በሩን ስከፍት ነው ዓለም የተሰማችኝ፤ የበጎቹ ጩኸት፣ የነፋሱ፣ የሳቸው።

"ዳቢ! ዳቢ! ቁሚ እያልኩ ጀሪካን እየደበደብኩ ጉሮሮዬ ደረቀ! መኪናሽ ውስጥ ሰርግ አለ እንዴ?"

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ። ጅብራ መስለውኝ ነው።"

"ጅብራ!" አሉና መንገዱ ዳር ተቀመጡ። "ያ ረቢ! ስንት ስም ወጥቶልኛል፣ ጅብራ ያለኝ ግን የለም።"

ሲስቁ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

የበጎቹ ባለቤት ናቸው፤ ስማቸው ኦቦ ሁሴን። የጭነት መኪናው ጎማ የሚይዘው ዘንግ፣ አክሱ፣ ተሰብሮ ነው። እዚህ አምባ ላይ እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ጀሪካን እየመታ ይቆማል፤ በጉም ዓይን ስለማይሠራ የሚያልፍ ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል። ይህን የማያውቅ ሾፌር ባሌ ውስጥ የለም። እኔም አውቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጆሮዬን በሬንጅ ለብጬ ነው የመጣሁት።

የጭነት መኪናው ሾፌር ጀሪካኑን ተረከበና ኦቦ ሁሴንን ሪራ አድርሻቸው መካኒክ እንዲልኩ ለመነኝ። በጠባቡ ጠርዝ በኩል አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። ቴፑን አጠፋሁ፤ ሁለቱንም መስኮት ዝቅ አደረግን። ብርዱ ገባ። እኔ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" እያልኩ ነው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በልብሽ ጸልዪ። እሱ ይሰማል። እኛ ነን የማንሰማው።"

የቁልቁለቱ ሕግ ቀላል ነው። ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጎ መቆም፣ መልስ መጠበቅ፤ ወራጅ ይቆማል፣ ወጪ ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች መልስ አልነበረም። በጣም ጠባቡ ላይ ክላክስ አደረግሁ፣ ጠበቅሁ፣ ዝም። እግሬን ከፍሬኑ ላነሣ ስል ኦቦ ሁሴን ክንዴን ያዙ።

"ቆይ።"

"ምንም የለም እኮ አባቴ።"

"ቆይ አልኩሽ።"

ጉሙ ውስጥ፣ ከታች፣ እንደ ሆድ ጩኸት ያለ ነገር ነበር። እያደገ መጣ። ከዚያ የአውቶቡስ አፍንጫ ያለ መብራት፣ ያለ ክላክስ፣ እኔ ልገባበት የነበረውን መንገድ ሙሉውን ይዞ ወጣ። ጎኑ መስተዋቴን ለትንሽ ሳተው። ካለፈ በኋላ ኦቦ ሁሴን ከብብታቸው እሽግ አወጡ።

"ጩኮ፣ የገብስ በሶ፣ ነበረኝ። ቅቤ አለበት፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ አትበዪም። ቆሎ እንኪ።"

ቆሎውን እየቆረጠምኩ በቀስታ ወረድኩ።

ሪራ ላይ ወረዱ። በሩን ዘግተው በመስኮቱ "ድምፁ ደህና ነው ግን" አሉኝ። "ቤትሽ ስትደርሺ ክፈቺው።"

አንገቱ

ሲመሽ ደረስኩ። ዘይነባ ፋኖስ ይዛ ወጣች። "እስቲ አሰሚን፣ የሰነቴ ዘፋኝ!" አለች። ግቢው ውስጥ አራቱንም በር ከፍቼ፣ በቀስታ ከፈትኩት። ጎረቤቱ ወጥቶ ቆሞ ሰማ፤ ከድር እጁ ይባረክ፣ ድምፁ እውነትም የሚያምር ነው። ዘይነባ ፊቴን አይታ ምን ሆነሽ አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ጅብራው አልሳቀችም።

ገንዘቤ አልባከነም። መኪናውን በመጠኑ ማሠራት ለሚፈልግ ሰውም ያንኑ እመክራለሁ፤ ደህና ስፒከር ለፊት፣ ፊውዝ ለባትሪው፣ ለበሩ የጣሪያ ሉህ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በከድር እጅ የሚሠራ አይደለም። አሁን ወደ ጎባ ስወጣ ጫካውን በመዝሙር አልፋለሁ፤ ዳገቱ ሥር ስደርስ አጠፋና መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ብርዱ ይገባል። ፍርሃቱም አብሮ ይገባል፣ ከጎኔም ይቀመጣል። ይቀመጥ። ሰነቴ ላይ ከእኔ ይልቅ አጥርቶ የሚሰማው እሱ ነው።