የተጣበቀው ለገሃር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሶልያና፣ ካዛንቺስ ያለው ቤታችን በር ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዬን እሰርልኝ አለችኝ። "ራስሽ እሰሪው፣ ትችያለሽ" አልኳት። አንገቷን ማጎንበስ አልቻለችም። ጫማዋን ለማየት ከወገቧ ታጠፈች። ትኩሳቷን ለካሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። "መጋረጃውን ዝጋው፣ ዓይኔን ያመኛል" አለች። ከዚያ አስታወከች።

ወደ ሆስፒታል ይዘናት ሮጥን። ሐኪሙ አንገቷን ወደ ደረቷ ሊያጥፍ ሞከረ። አልታጠፈም። "ማጅራት ገትር ይመስላል። ከወገቧ ፈሳሽ እንወስዳለን" አለ። ላምባር ፐንክቸር ይሉታል። እህቴ ሂሩት መርፌውን ስታይ ወጣች። ሶልያናን እኔ ያዝኳት። ጮኸች። ፈሳሹ ደፍርሷል። ሴፍትሪአክሶን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተጀመረላት። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጇን አነሳሁት። ወደቀ። እንደገና አነሳሁት። ወደቀ።

"ሄሚፓሬሲስ ነው፣ አንዱ የሰውነቷ ጎን ደክሟል" አለን ሐኪሙ። "በሕመሙ ምክንያት አንጎሏ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተዘግቷል። እግሯ ቀድሞ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። እጇን ግን ካላሠራችሁት አላውቅም።"

ቤት ስንመለስ ጠያቂ ጎረፈ። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ ልጅቷ ፊት ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ የማያውቀውን መድኃኒት ያዛል። ከሁሉም የሚብሰው የምሳ ሰዓት ነበር። ሶልያና በግራ እጇ እንጀራ ስትቆርስ አክስታችን እትዬ ዘነበች አየቻት።

"በግራ አይበላም የኔ እናት! ነይ እኔ ላጉርስሽ።"

ከዚያ በኋላ ሁሉም አጎረሳት። ቀኙ አይችልም፣ ግራው አይፈቀድለትም። የሰፈሩ እጅ ሁሉ ሲሠራላት የእሷ እጅ በአራት ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ይህንንም ፍቅር ብለው ይጠሩታል።

እጇን እንድታሠራ የተመደበችልን የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ግን ረጋ ያለች ሴት ነበረች። "ኳስ ጭመቂ እያላችሁ አታሰልቿት። ትንሽ ዓለም ስጧት። ትሪ ላይ አሸዋ፣ ትንንሽ ሰዎች፣ ትንንሽ መኪናዎች። ቀኙ እንዲሠራ በቀን ግማሽ ሰዓት ግራ እጇን ካልሲ አልብሱት። የቀረውን እሷ ታውቀዋለች።"

ይህን የሰማ አንድ ዘመዳችን ደምበል የገበያ ማዕከል ሄዶ የፕላስቲክ እርሻ ገዝቶ መጣ። የቤቱ ጣሪያ በረዶ ለብሷል። ቁልፍ ሲጫኑ ላሟ ትጮሃለች፣ ከዚያ በቃ። ላሟ ሁሉን ሠርታ ስለጨረሰች ልጅ የሚሠራው አልቀረም። ኢንተርኔት ላይ ያየኋቸው እናቶች ደግሞ ሩዝ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክረው ባሕር ነው ይላሉ። እትዬ ዘነበች ባለችበት ቤት እህል ቀለም ውስጥ ቢነከር ማን እንደሚባረር አውቃለሁ።

ሁሉንም ናቅኳቸው። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ መበየድ ችያለሁ። ስለዚህ ለገሃርን፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ከነታክሲ ተራው፣ ትሪ ላይ ሠራሁላት። የጣቢያውን መስኮቶች ቦታው ድረስ ሄጄ ቆጠርኩ። ፊት ለፊቱ ያለውን የአንበሳ ሐውልት ከሻማ ቀረጽኩት። ከመድኃኒቷ ካርቶን ሚኒባሶች ቆረጥኩና ሰማያዊና ነጭ ቀባኋቸው። የታክሲ ተሰላፊዎቹ የሸሚዝ ቁልፎች ነበሩ፤ በወረንጦ አንድ በአንድ አሰለፍኳቸው። እንዳይዛነፉም ሁሉንም በማጣበቂያ አጣበቅኳቸው። ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ሶልያና በደካማ እጇ አንዱን ሚኒባስ ነካ ስታደርግ "ቀስ! ይበላሻል" አልኳት። እጇን ሰበሰበች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትሪውን እንደ ቴሌቪዥን ተቀምጣ አየችው።

ፎቶውን ለፊዚዮቴራፒስቷ በኩራት አሳየኋት። በጣቶቿ አጉልታ አየችው።

"በጣም ያምራል። እጅህ ጎበዝ ነው" አለች። "ታማሚው ግን አንተ ነህ እንዴ?"

እትዬ ዘነበች እንጀራ አጎረሰቻት፤ እኔ ለገሃርን አጎረስኳት። ከናቅኳቸው ሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ፤ እነሱ ቢያንስ መጫወቻውን አትንኪ አላሏትም።

ቤት ሄጄ ሁሉንም በምላጭ ፈቀፈቅኩት። ትሪው ላይ አሸዋ አፈሰስኩ፣ ቁልፎቹን፣ ሚኒባሶቹን፣ ቆርኪና ባዶ የክብሪት ቤቶች በተንኩበት፣ ግራ እጇን ካልሲ አልብሼ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚኒባሱን በተጨበጠ እጇ ብቻ ትገፋው ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ጣቶቿ ቀስ በቀስ ተከፈቱ፣ አሸዋውን መቧጠጥ ጀመሩ፣ አሸዋው ውስጥ ቆርኪ ቀብረው እንደገና ማውጣት ተማሩ፤ ለገሃር የነበረው ትሪም ባልጠበቅኩት መንገድ ወደ ሆስፒታል ተለወጠ። አንድ ቁልፍ ታሞ የክብሪት ቤት ውስጥ ተኛ። ሌሎቹ ተሰልፈው ሊጠይቁት መጡ።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ዘነበች ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ሶልያና ድምጿን ወፈር አድርጋ "ውይ ሲያሳዝን! አልበላም አለ? በሞቴ ጉረስ!" አለች። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንዲት ጠጠር ቆንጥራ አነሳች። ወደቀችባት። ደግማ አነሳችና ለታመመው ቁልፍ አጎረሰችው።

እትዬ ዘነበች የገዛ ድምጿን አውቃዋለች። ማታ እራት ሲቀርብ ግን ልማድ ነውና ጠቅልላ ዘረጋችላት።

"እትዬ፣ እጅ አለኝ እኮ" አለቻት ሶልያና። በቀኟ ቆረሰች። ግማሹ ጭኗ ላይ ፈሰሰ።

"አይ፣ ምላሷማ መች ታመመ!" አለች እትዬ፣ ጉርሻውን ራሷ እየጎረሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላጎረሰቻትም። ለዚህ ከልቤ አመሰግናታለሁ፤ እኔ ለመተው የሰው ወቀሳ አስፈልጎኛል። ፈሳሹን ሳይዘገይ የወሰደውን ሐኪምና ያችን ፊዚዮቴራፒስትም እንዲሁ።

ልጃችሁ ተኩሷት አንገቷ አልታጠፍ ካለ፣ ምክር ሰጪ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ከተረፈች በኋላ ደግሞ አሸዋና ቆርኪ ስጧትና ዓለሟን እንዳትሠሩላት። ጠያቂ ከበዛ በሩን ዝጉ።

ትናንት ሶልያና ጫማዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ማሰሪያው በጣቶቿ መሃል ሦስቴ አመለጣት። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። መለስኩትና የእሷን ካልሲ ፈልጌ፣ እስከ ገባበት ድረስ፣ በራሴ እጅ ላይ አጠለቅኩት።