የዘሀራ ልጅ እና የመሐመዶች ሰልፍ

ኡስታዝ ሰይድ ባለፈው ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። የጎንደር ሰው ነበሩ። የክሊኒካችንን ካርድ ክፍል በኮምፒውተር ያደራጁት፣ እኔንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞታቸውን በሩቅ ለሰማችሁ ወዳጆቻቸው ይህን እጽፋለሁ። አዝኛለሁ፤ ግን ኡስታዝን አስቦ ፈገግ አለማለት አልሆነልኝም።

የካርዶቹን ዳታቤዝ ሲሠሩ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ማውጫውን በታካሚው በራሱ ስም አበጁት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የገዳሪፍ መልአክ ግን ከመሐመድ ብዙም አይርቅም። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ችግሩ ወጣ። ከመተማ ለሥራ የመጣው ሸጋው ስሙን ሲናገር ካርዱ ወዲያው ይገኛል፤ መሐመድ የተባለ ሁሉ ግን ፀሐይ ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን ወባ የሚያንቀጠቅጣቸው መሐመድ የተባሉ ሽማግሌ፣ «አንተ ኡስታዝ፣ ማሽኑም ሐበሻ ነው እንዴ? ለአገርህ ልጆች ታደላለህ» አሏቸው። ሰልፉም አጉረመረመ። ኡስታዝ በሰው አገር ተከብረው የኖሩት በታማኝነታቸው ነበርና ነገሩ ከነከናቸው።

ምሳቸውን ትተው መረመሩ። ማውጫው ደህና ነበር። ነገር ግን ዳታቤዙ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የትኛው መንገድ እንደሚቀለው ይገምታል። ሸጋው የሚባል ሰው ጥቂት ስለሆነ በማውጫው በኩል ቀጥ ብሎ ይገባል። መሐመድ ሲባል ግን፣ ማውጫውን ይዞ ከካርድ ካርድ ከመመላለስ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይሻለዋል። በማውጫው እንዲሄድ እናስገድደው ብላቸው ሳቁብኝ።

«የሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ልክ ነው። ግማሹ ከተማ መሐመድ ሆኖ ሳለ መሐመድን ፈልግ ማለት ምን ይረባል? የሚለይ ነገር ስጠው፤ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል» አሉ።

የሚለየው የእናት ስም ሆነ። በእናት ስም የሚጀምር፣ የራስን ስም የሚያስከትል አዲስ ማውጫ አበጁ። በገዳሪፍ ግን ወንድ ልጅ በሰው ፊት የእናቱን ስም ለመጥራት ያፍራል። ሽማግሌው ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፉ። ኡስታዝ ወደ በረንዳው ወጥተው፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ የዘሀራ ልጅ ነኝ» አሉ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው «ሐሊማ» አሉ። ካርዳቸው ወዲያው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኡስታዝን ገበያው ሁሉ «የዘሀራ ልጅ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ደስም ይላቸው ነበር።

በቀብራቸው ላይ ሼኹ እንደ ልማዱ ሟቹን በእናታቸው ስም ሊጠሩ ፈልገው፣ «እናቱ ማን ትባላለች?» ብለው ጠየቁ። ዘመድ አፉን ሳይከፍት መሐመዶቹ በአንድ ድምፅ «ዘሀራ» አሉ። ያፈረ አልነበረም።

ኡስታዝ ሰይድ፣ የዘሀራ ልጅ፣ አላህ ይዘንልዎ። ሰው ፀሐይ ላይ እንዳይቆም ሲደክሙ ኖረዋል፤ እርስዎም ሳይቆሙ ጀነት ይግቡ።