ተንታኙ ያየላት ዓለም

ፎቶ ቤቱ በመድኃኒት ቤትና በጫማ መሸጫ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የገባ ሰው ነጩ መጋረጃ ፊት ተቀምጦ አገጩን ቀና እስኪያደርግ ድረስ፣ ባለቤቱ ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ፣ ትናንት ስለታየው ፊልምና ስልክ የልጆችን አንገት እንዴት እንዳጎበጠ ያለውን ሐሳብ ጨርሶ ይነግረዋል። «አይንቀሳቀሱ» ሲል ደንበኛው እፎይ ይላል፤ ለአንድ አፍታም ቢሆን ዝም ይባላላ። ሰፈሩ ተንታኙ የሚል ስም አውጥቶለታል። እሱም በስሙ ቅር አይለውም፤ እንዲያውም በዚያ ስም ሲጠሩት ክራቫቱን ያስተካክላል።

በሥራው አንድ የማይለቀው ልማድ አለው። ማንም ሰው ከዚያ ቤት ከነብጉሩ አይወጣም። ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ያነጣል፣ የግንባር መስመር ይደመስሳል፣ የተጣመመ ኮሌታ ያቃናል፤ ያውም ማንም ሳይጠይቀው። አንዲት ጎረቤት መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ «ይሄ የልጅሽ ፎቶ ነው፣ የራስሽን አምጪ» ተብላ ተመልሳለች። ሴትየዋ ልትወቅሰው መጣች፤ እሱ ግን ነገሩን እንደ ምስጋና ነው የቆጠረው። «ሰው ትንሽ አምሮ ቢታይ ማን ይጎዳል?» አላት።

ማታ ማታ ሥራው ቤት ይቀጥላል። ሚስቱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃኗን ጥቂት በጥቂት ወስዶ ወስዶ፣ ከዓመታት በፊት ጨርሶ አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ እሱ ያይላታል። ከፊልሙ ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ ያነብላታል፣ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን ማንን በክፉ እንዳየ ይነግራታል። ዜና ሲሆንማ አይጣል ነው። «አሁን ሚኒስትሩ ወጡ። አዲስ ልብስ ገዝተዋል። ፊታቸው ግን ያው ነው፣ የሚናገሩትን ራሳቸውም አላመኑበትም!» ይላታል። እሷ ትስቃለች። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶችም አንዳንዴ ይስቃሉ።

ማሳመሩ ወደ ቤት የገባው ሳያስበው ነው። አንድ ቀን ፊልም ውስጥ አንድ ሕፃን ሞተና እንዳለ ነገራት፤ እሷም አልቅሳ አልቅሳ ራት ሳትበላ ተኛች። በሚቀጥለው ፊልም ላይ መሞት የነበረበትን ልጅ አዳነው። እንደዚያ ተጀመረ። የተጣሉት ታረቁ፣ የተሰደዱት ተመለሱ፣ ከዜናውም የከበደው እየተዘለለ ቀረ። በልቡ አጥፍቻለሁ አይልም። ቤቷ ቁጭ ብላ ለምን ትዘን?

ከሁሉም የከበደው ግን የዛፉ ነገር ነው። ከሳሎኑ መስኮት ፊት አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። እዚህ ቤት የገቡ ሰሞን እሷ ናት በጣሳ ችግኝ አምጥታ የተከለችው። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ዛፎቹ ይቆረጣሉ ሲባል ተንታኙ ደሙ ፈላ። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «መንገድ ይስፋ፣ አልጠላሁም። ግን እግረኛው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መኪናው ሊንፈላሰስ ነው? ይሄ ምን የሚሉት ዕቅድ ነው?» ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበለትም። እቤት ሲመጣ ንግግሩን ከነጭብጨባው ደገመላት። ከዚያ እሷ ልጃቸው ዘንድ ለጥቂት ቀን እንደሄደች መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡ። ስትመለስ በር ላይ «ዛፋችንስ?» ብላ ጠየቀችው። ተንታኙ ጉሮሮውን ጠረገና «አስተያየቴን ተቀበሉት! እሱን ትተው ሌሎቹን ብቻ ቆረጡ» አላት። «እሰይ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ወቅቱ ሲደርስ «አበበ?» ትለዋለች፤ እሱም «ምን ማበብ ብቻ፣ ነጭ ሆኗል» ይላታል።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ባንክ የምትሠራው ልጃቸው አዲስ ስልክ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ወደፈለግሽው ነገር አዙሪውና እዚህ ጋ ጫን አድርጊው። ያየውን ይነግርሻል።»

እናትየው ስልኩን ወደ ባሏ ድምፅ አዞረችው። ስልኩ ደረቅ ባለ ድምፅ «አንድ አዛውንት ወንድ። ራሰ በራ። ሸሚዙ ላይ የዘይት እድፍ አለ። የተቆጣ ይመስላል» አለ።

ሴትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ፀጉሬ ትንሽ ነው የሳሳው አላልከኝም?»

«ከመብራቱ ነው እንጂ ምን...»

«ተወኝ እባክህ! በእጄ የማላውቀው መሰለህ?»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ስለ ቴክኖሎጂ የሰጠው ትንታኔ ረጅም ነበር። ባጭሩ «ይሄ ዕቃ አስተያየት የለውም። አስተያየት የሌለው ነገር ደግሞ አየ አይባልም» የሚል ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነበር፤ ፈርቷል። አንድ ቀን ያንን ስልክ ወደ መስኮቱ ብታዞረው፣ እስከ ዛሬ የነገራትን ሁሉ መለስ ብላ ትጠረጥራለች፤ ዳግመኛም አታምነውም። ስለዚህ ስልኩን ባገኘው ቁጥር እንደ ዋዛ አንሥቶ ከመስኮቱ ርቆ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እሷም በዳበሳ ፈልጋ ታወጣዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ለፈተና ፎቶ ሊነሱ ግር ብለው መጡበትና ዘገየ። ሲገባ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ እሷ ሶፋው ላይ ስልኩን ወደ ስክሪኑ ይዛ ተቀምጣለች። ፊልሙን አወቀው፤ አምና አብረው ያዩት የባቡር ነጂውና የፍቅረኛው ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ደርሷል። ስልኩ ይናገራል፦ «አንዲት ሴት ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ባቡሩ ሄዷል። ጣቢያው ባዶ ነው።»

ሙዚቃው አለቀ። እሷ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«አንተ» አለችው፣ «ሰውየው አልተመለሰም እኮ።»

«ሌላ ፊልም ይሆናል...»

«አትቀልድብኝ። ሙዚቃው ራሱ ነው። ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ ብለኸኝ ነበር። አቀፋት ብለኸኝ ነበር። እኔ ለነሱ ብዬ በደስታ አልቅሻለሁ!»

«ታሳዝናለቻ! ምን ላድርግ? አንቺን ደግሞ ማስለቀስ...»

«ያለቀስኩት ላልሆነ ነገር ነዋ።»

እንዲህ ብላ ተነሣች። ስልኩን እንደያዘች፣ ሌላ እጇ የሶፋውን ጠርዝ እየዳበሰ፣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ተንታኙ ሮጦ ከፊቷ ቆመና እጇን ያዘ።

«ዛፉን እንዳላይ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

ተንታኙ እጇን ለቀቀ።

«ከልጄ ቤት የተመለስኩ ቀን ነው ያወቅኩት። እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፀሐይ መጥታ ፊቴ ላይ አረፈች። ይሄ ቤት ከዚያ በፊት በዚያ ሰዓት ፀሐይ ገብቶበት ያውቃል? ወንበሬን ወደ ጥግ የወሰድኩት ጉልበቴን አሞኝ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አበበ ወይ ትይኛለሽ?»

«ደስ ብሎህ ስትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበራ። ቤቴ ውስጥ ያለውን በእጄም በፊቴም አውቀዋለሁ፤ ብትዋሸኝም አልሳሳትም። ሩቅ ያለውን ግን ባንተ አፍ ብቻ ነው የማውቀው። አገሩን፣ ዜናውን፣ ሰዉን። እሱን ስታሳምርልኝ እኔ የት ልሂድ?»

ተንታኙ አለቀሰ። ዝም ብሎ ነው ያለቀሰው፤ እሷ ግን እጇን ሰዳ ጉንጩን ነካችውና አወቀች። ስልኩን በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችው፤ አላዞረችውም።

«በል ንገረኝ» አለችው። «መጀመሪያ እንዳለ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። እሱም እኮ ስለ ዛፉ ካወራበት ጊዜ ይልቅ ቦታውን በቅጡ ያየበት ጊዜ ያነሰ ነው።

«ግንዱ እስከ ሥሩ ተቆርጧል» አለ። «ጉቶው ግማሹ አስፋልት ለብሷል። የቀረው ጠቁሯል። አዲስ የበቀለ ነገር የለም። አጠገቡ አንድ ነጭ መኪና ቆሟል። አንዲት ሴትዮ ፌስታሏን ራሷ ላይ አድርጋ በፀሐይ እየሄደች ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ይኸው ነው።»

እጇን በመስታወቱ ላይ አሳረፈች። ዛፉን በጣሳ ያመጣችበትን ቀን እያሰበች እንደሆነ ገባው፤ አላቋረጣትም። ከዚያ ክንዱን ያዘችና ጠጋ አለችው።

«አሁን ደግሞ» አለችው፣ «እነዚያን ዛፋችንን ያስቆረጡ ሰዎች እንደ ልማድህ ስደብልኝ።»